መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ አላርም፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ኮምቦልቻ ነው የሚሰራው፣ እናቱ ደሴ ሆጤ አካባቢ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። አራት የዋይፋይ ካሜራ፣ አንድ የጭስ ሴንሰርና በጣት አሻራ የሚከፈት የበር ቁልፍ ገዝቶ አስገጥሞላቸዋል፣ ሀሳቡ የሆነ ነገር ቢፈጠር ስልኬ ላይ ወዲያው እንዳውቅ ነው ይላል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉም ኦፍላይን ይላል፣ የጭስ ሴንሰሩ ደግሞ ቡና በተቆላ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገራቸው እናቱ ባትሪውን አውጥተው ብፌ ውስጥ ከተውታል። «ምን ልጨምር?» ነው የሚለኝ።

አብሽር ወንድሜ። ከመጨመርህ በፊት ግን አንድ ነገር አስብ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክህ ጮኸ እንበል፣ አንተ ኮምቦልቻ ተኝተሃል፣ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ብትልም የሐረጎን ዳገት በዚያ ጉም ወጥተህ እስክትደርስ እሳት ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ስለዚህ አላርሙ መጀመሪያ መስማት ያለበት እዛው ቤት የተኛ ሰው ነው፣ ቀጥሎ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት፣ ያንተ ስልክ ሦስተኛ ነው። አንተ ሦስተኛውን አንደኛ አድርገህ ነው የጀመርከው። ብቻህን አይደለህም ደግሞ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው እንዲሁ ነው፣ ካሜራ ያምራል፣ ስልክ ላይ ይታያል፣ ለሰው ይታያል፣ የካርቦን ሴንሰር ማን ያያል።

እሱን ካነሳን ከእሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከገዛኸው ዕቃ ውስጥ የሌለህ እሱ ነው። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ብርዱን አንተም ታውቀዋለህ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። እና ሰዉ «ጭሱ ካለቀለት፣ ፍም ብቻ ከሆነ ችግር የለውም» ይላል። አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነገር ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ቀይ ሆኖ ከሚያምረው ፍም ነው፣ በር መስኮት በጨርቅ ከተደፈነ ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል፣ ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ይበልጥ ተሸፋፍኖ ይተኛል። አንተ የገዛኸው የጭስ ሴንሰር ይሄንን አያውቅም፣ ጭስ እንጂ ጋዝ አይለይም። ለብቻው የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር ነው የሚያስፈልገው፣ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ያለው ቢሆን ጥሩ ነው።

እንዴት እንደሚጮህም እወቀው፣ አለዚያ «ተበላሽቷል» ትላለህ። በአሜሪካኖቹ ስታንዳርድ የተሰራ ከሆነ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ይሄ ጋዝ ሲሆን ማለት ነው) ላይ ወዲያው አይጮህም፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ይጠብቃል፣ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። መጠኑም ሰው የሚተነፍስበት ጊዜም ስለሚቆጠር ነው። የሚቀመጠው መኝታ ቤት ነው፣ ትራስ ከፍታ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አይደለም፣ መስኮት ስርም አይደለም። ዕድሜ አለው፣ እንደ አሰራሩ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ ጀርባው ላይ የተሰራበት ቀን ተጽፏል፣ ስትገዛ ገልብጠህ እየው፣ ሱቅ ውስጥ ቆይቶ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ እንዳይሸጡልህ። ሲጮህ ደግሞ ምድጃውን ማውጣት አይደለም መጀመሪያ፣ ሰው ነው የሚወጣው፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ሐኪም ቤት ይሄዳል። እሺ ሴንሰር ገዛሁ ብለህ ከሰሉን እንዳትፈቅድ ግን፣ ሰው ሊተኛ ሲል ከሰል ከክፍል ይወጣል፣ በቃ።

አሁን ወደ ብፌው። እናትህ ባትሪውን ቢያወጡ አልፈርድባቸውም፣ ወሎ ቤት ውስጥ ጭስ ሴንሰር ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ኮርኒስ ላይ ከሰቀልክ እሱ ምን ያድርግ፣ ሥራውን ነው የሰራው። ከዚያ አንሳውና መኝታ ቤቶቹ ፊት ያለው መተላለፊያ ላይ ስቀለው፣ ኮርኒሱ መሀል ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገህ፣ ጥጉ ላይ አየር ስለማይዘዋወር ጭሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ወጥ ቤትና ቡና የሚፈላበት ክፍል ላይ ደግሞ የሙቀት ሴንሰር የሚባለው አለ፣ ጭስ ቢያፍንም ዝም ነው፣ ሙቀቱ 57 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚጮኸው። የሲሊንደር ጋዝ ካላቸው ደግሞ የዚያ ሴንሰር ወለሉ አጠገብ ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል ታች ነው የሚተኛው፣ ኮርኒስ ላይ ሰቅለውት ያየሁት ቤት አለ፣ ጌጥ ነው እንግዲህ።

ሁሉንም ከሰቀልክ በኋላ እንዲህ ፈትሸው። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን ብሬከር አውርድ፣ ራውተሩ ባክአፕ ባትሪ ካለው እሱንም ንቀል፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ይጨልም። ከዚያ ወንበር ላይ ቆመህ የእያንዳንዱን ሴንሰር ቴስት ቁልፍ ተጫን፣ እናትህ በር ዘግተው ጋቢ ተከናንበው አልጋቸው ላይ ይሁኑ። ሰሙ? ካልሰሙ ወይ ሴንሰሩ የራሱ ሳይረን የለውም ወይ ሩቅ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ሴንሰር በሀብ ነው የሚሰራው፣ ሀብ ማለት ያቺ ነጭ ሳጥን፣ ራሱ ድምፅ የለውም፣ ለሀቡ ነግሮ ሀቡ ለአፑ ነግሮ አፑ ላንተ ሊነግርህ ነው፣ መሀል ላይ አንዱ ከጠፋ ያለቀለት ነው። እንደዛ ዓይነቱን መልስና ራሱ የሚጮኽ ውሰድ።

ኦፍላይን የሚለው ነገር ቀላሉ ክፍል ነው። ራውተር የሚበላው ከ8 እስከ 10 ዋት ቢሆን ነው። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ፣ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ከተጻፈበት አትደንግጥ፣ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ 37 ዋት ሰዓት ነው፣ ራውተሩን 3 ሰዓት ገደማ ያቆይልሃል፣ ከዚያ በላይ የሚልህ ሻጭ እየሸጠ ነው። ፋይበር ከሆነ ደግሞ የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ሁለት ዕቃ ከሆኑ ሁለቱም ባትሪ ያስፈልጋቸዋል፣ ብዙ ሰው ራውተሩን ብቻ ያበራና ዋይፋይ አለ ኢንተርኔት የለም ብሎ ይደውልልኛል። ካሜራዎቹ እያንዳንዳቸው ማታ ኢንፍራሬዳቸው፣ በጨለማ የሚያዩበት መብራት ማለት ነው፣ ሲበራ 5 ዋት አካባቢ ናቸው፣ አራቱ 20፣ ከራውተር ጋር 30 በለው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ ከዚያ በታች ካወረድከው ቶሎ ይሞታል፣ ባትሪውን ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚበላውን ቀንሰህ ሌሊቱን ሙሉ ይይዝልሃል። ካሜራዎቹ ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ክተትባቸው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ፓወር እስካለ ይቀርጻሉ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ደግሞ ቶሎ የማያገናኝ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ የሚለቅ የቮልቴጅ መጠበቂያ አስገባበት፣ ዕቃ የሚቃጠለው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ኔትወርኩ ካለ ነው። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ የነበረ ሰው መብራትም ስልክም አንድ ላይ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ተራ በሆነ ቀንም መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ የቴሌ ታወሩም ባትሪ ያልቅበታል። ስለዚህ በሲም ካርድ የሚሰራ የአላርም ሳጥን ብትጨምር እላለሁ፣ ዋይፋይ አይፈልግም፣ የውስጥ ባትሪ አለው፣ ሴንሰሩ ሲነካ ሳይረኑን ያስጮኻል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይደውላል፣ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ሳይረኑ አይቀርም። ሳይረኑን ውጭ በረንዳው ላይ ወደ ጎረቤት አዙረህ ስቀለው። የመጀመሪያው ተደዋይ ያንተ ቁጥር አይሁን፣ አጥር የሚጋሯቸው ሰው ይሁኑ፣ ሁለተኛው ሰፈር ያለ ዘመድ፣ ከዚያ አንተ። ቀድመህ ሄደህ ግን ንገራቸው፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለህ ድምፁን አሰማቸው፣ ያልታወቀ ቁጥር ሌሊት ሲደውል ማንም አያነሳም። ሲሙ ላይ ያለውን ፒን አጥፋ፣ ሂሳብ ሙላበት፣ ዝም ብለህ ከተውከው አንድ ቀን ይዘጋና አታውቀውም። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 991 ፖሊስ፣ የከተማው እሳት አደጋ ቁጥርን ከክፍለ ከተማ ጠይቀህ ሦስቱንም በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ እናትህ ያለ መነጽር እንዲያነቡት አድርገህ።

ያልጠየቅከኝ ግን የላክህልኝ ፎቶ ላይ ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ ምጣዱ ስማርት ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ምናልባት ከሩቅ ላጥፋላቸው ብለህ ይሆናል፣ ሀሳቡ አይከፋም፣ ግን ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፒር ነው፣ ያ ሶኬት ላይ የተጻፈው 10 ነው። እንጀራ አንድ ሁለት ሰዓት ሲጋገር ውስጡ እየቀለጠ ነው። ዛሬውኑ ይነቀል። ምጣድ የራሱ መስመር ነው የሚፈልገው፣ 4 ካሬ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር፣ ዲቫይደር ላይም አይሰካም። እሳት የሚያስነሳውን ሳትነቅል እሳት የሚነግርህን መግዛት ምን ይባላል።

የበሩ ቁልፍ። የትልቅ ሰው አሻራ የለሰለሰ ነው፣ ሥራ የበላው እጅ ደግሞ ይባስ፣ ሊጥ ነክቶት ከሆነ ጭራሽ አያነብም። ስለዚህ ሦስት ነገር አረጋግጥ፣ ከውስጥ ያለ ባትሪና ያለ ቁልፍ በእጀታው ብቻ ይከፈታል ወይ፣ የብረት ቁልፍ መግቢያ አለው ወይ፣ ባትሪው ቢሞት ከውጭ 9 ቮልት ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ የሚነካበት ቦታ አለው ወይ። የብረቱን ቁልፍ አንዱን ለጎረቤት ስጥ። ችግሩ ግን እናትህ ሲተኙ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይጨምራሉ አይደል? ሁሉም እናት እንደዛ ነው፣ ያኔ የጎረቤት ቁልፍ ዋጋ የለውም። ወይ መቀርቀሪያው ይነሳ ወይ የጓሮው በር ላይ ሌላ መግቢያ ይኑር፣ ይሄን ተነጋግራችሁ ጨርሱት፣ እኔ መሀል አልገባም። የመስኮቱ ብረት ላይም አንዱ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉ ከውስጥ ክንድ በሚደርስበት ቦታ በምስማር ይሰቀል።

ካሜራዎቹን ሁለቱን ብቻ ውጭ ተዋቸው፣ ሳሎን ውስጥ ያለውን ግን እናትህ ነጠላ አልብሰውት ነው ያየሁት፣ አንሳላቸው። የአፑንም የይለፍ ቃል የገጠመልህ ልጅ ካወቀው ቀይረው።

ደግሞ ቤቱ ከጦሳ ተራራ በኩል ተዳፋት ላይ ከሆነ ክረምት ሲገባ የሚያስፈራው የመሬት መንሸራተት ነው፣ ለእሱ የምሸጥልህ ሴንሰር የለኝም። አዲስ ስንጥቅ ግድግዳ ወይም ግቢ ላይ፣ ድሮ ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ማለት፣ ያዘመመ አጥር ወይም የመብራት እንጨት፣ ካልነበረበት ቦታ ድንገት የሚፈልቅ ድፍርስ ውሃ፣ ከነዚህ አንዱን ካዩ ያን ሌሊት እዛ ቤት አይታደርም።

ሚኒ ዩፒኤሱን ከመግዛትህ በፊት የራውተሩንና የፋይበሩን ሳጥን አዳፕተር ጀርባ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው አንዳንዱ 9 ወይም 5፣ ጫፉ ስለገባ ብቻ ከሰካኸው ራውተሩን ታቃጥለዋለህ።