አለቃ ደመወዙን ሲቀንስ ሠራተኛው የሚያየው ምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትሠራበት የካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) መሥሪያ ቤት በጀት ጎድሎበት ሠራተኞቹን በወር የተወሰነ ቀን ያለ ደመወዝ ሊያስቀምጥ ነው። አንተ የቡድን መሪ ስለሆንክ ቅነሳው አይነካህም። «እኔም በፈቃዴ ልቀነስ? ወይስ ለታይታ ነው ይሉኛል? በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ» ነው ያልከው።

እኔ አልፌበታለሁ። ያለፍኩት ግን በአለቃ በኩል ሳይሆን በተቀናሽ በኩል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የፌዴራል ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴን አልጠራም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከ2013 ልጀምር። ማርች 1 ላይ ሲኩዌስተር የሚሉት የበጀት ቅነሳ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የፈርሎ ደብዳቤ ሰጡ። ያለ ደመወዝ ቤትህ ትቀመጣለህ ማለት ነው። እኛን በወር አንድ ቀን አሉን። ከዚያ በፊትም የፌዴራል ደመወዝ ጭማሪ ታግዶ ቆይቶ ስለነበር ሰው ቀድሞውኑ ሆድ ብሶታል።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ፕሬዝዳንት ኦባማ ከደመወዛቸው 5 በመቶ እንደሚመልሱ ተነገረ። የዓመት ደመወዛቸው 400 ሺህ ዶላር ነበር፣ 5 በመቶው 20 ሺህ ይሆናል። ልኩ የተመረጠው ከመከላከያ ውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ከደረሰባቸው ቅነሳ ጋር እንዲመጣጠን ነው። የፕሬዝዳንት ደመወዝ በሥልጣን ዘመኑ እንዳይጨምርም እንዳይቀንስም ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ስለዚህ ደመወዛቸውን ሙሉውን ተቀብለው ቼክ እየጻፉ ለግምጃ ቤት መመለስ ነበረባቸው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግልም ፈርሎ የማይመለከታቸው ሹመኛ ቢሆኑም የድርሻዬን እመልሳለሁ አሉ። በእሳቸው ሥር 650 ሺህ ገደማ ሲቪል ሠራተኞች ፈርሎ ተነግሯቸው ነበር።

ዜናው የመጣ ቀን ቢሯችን ለሁለት ተከፈለ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አንድ ባልደረባችን «ቢያንስ እንዳለን ያውቃሉ» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። ከእኔ ማዶ የምትቀመጠው ልጅ ግን ተናደደች። በሳምንቱ የፕሬዝዳንቱ የግብር ሰነድ ለሕዝብ ሲወጣ ስልኳን ይዛ መጣችና አሳየችኝ። የ2012 የቤተሰቡ ገቢ ከ608 ሺህ ዶላር በላይ ነው። «ከዚህ ላይ 20 ሺህ ቢነሳ ምን ይጎድልባቸዋል?» አለች።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ያን ቀን ያሰብኩት ስለ እቁቤ ነበር።

ያኔ የአንድ ቀን ደመወዜ 160 ዶላር ገደማ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ 150 ዶላር የምጥልበት እቁብ ነበረኝ። እና ለእኔ አንድ የፈርሎ ቀን ማለት አንድ የእቁብ መዋጮ ማለት ነው። ሁለት ልጆች፣ የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት ለእናቴ የምልከው አለ። ከእነዚህ ከየትኛው ይነሳል? እቁብተኞቹ ወዳጆችህ ናቸው፣ አታጓድልባቸውም። ሆኖም ጁን ላይ አልሞላ አለኝ። ለጸሐፊው ደውዬ አንድ ዙር ታገሱኝ አልኳቸው። ሴትዮዋ ምንም ክፉ አልተናገሩም፣ «እሺ ልጄ፣ እኔ እሸፍንልሃለሁ» ነው ያሉት። ስልኩን ዘግቼ ግን መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። በዚህ አገር ስኖር ብድር የጠየቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አለቃ በመቶኛ ሲቀነስ ሠራተኛው ቅር የሚለው እዚህ ጋ ነው። 5 በመቶ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። ከአንዱ ቤት የሚወስደው የተቀማጭ ገንዘብ ነው፣ ከሌላው ቤት የሚወስደው አስቤዛ። ሰው ይህን ለማወቅ ሂሳብ አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ቅርብ አለቃዬ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ጥያቄህን የሚመልሰው ከፕሬዝዳንቱ ይልቅ የእሷ ነገር ነው። እሷም እንደኛው ፈርሎ ነክቷታል፣ ምርጫ አልነበራትም። ሌላ ነገር ላይ ግን ምርጫ ነበራት። ቡና የምናፈላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈች። ማን የትኛውን ቀን እንደሚወስድ የሚሞላበት ነው። ሁሉም የሚፈልገው ዓርብን ወይም ሰኞን ነው፣ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ይገጥማል፣ የልጅ ማቆያም ያስቀራል። ወረቀቱ ሲለጠፍ አንድ ስም ብቻ ተጽፎበት ነበር፣ የእሷ። ሁሉንም ረቡዕ አድርጋዋለች። ረቡዕ ለማንም የማይጠቅም ቀን ነው። ስለ ምርጫዋም ምንም አልተናገረችም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በፈርሎ ቀን መሥራት ክልክል ነው፣ በነጻም ቢሆን። ኢሜይል መክፈት እንኳ አይቻልም። እሷ ማክሰኞ ማታ ስትወጣ የመሥሪያ ቤቱን ብላክቤሪ ስልክ ጠረጴዛዋ ላይ ትታው ትሄድ ነበር፣ ሁላችንም እያየን። ይህ ለእኛ «እናንተም በቀናችሁ አትሥሩ፣ ማንም አይጠይቃችሁም» ማለት ነበር። ከእሷ በላይ ያለው ኃላፊ ፈርሎ አይመለከተውም። እሱ ረጅም ኢሜይል ላከ። የደመወዙን የተወሰነ ክፍል ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ፣ መሥዋዕትነታችንን እንደሚጋራ ጻፈልን። ገንዘቡ ከእሷ ከተቀነሰው ይበልጥ ይሆናል። ግን በዚያው ሳምንት የአንድ ባልደረባዬን የዓርብ ቀን በስብሰባ ምክንያት አዛወረበት። ኢሜይሉን ማንም አላነሳውም። ስለ ዓርቡ ግን እስከ ገና ሲወራ ነበር።

ከቢሮ ውጭ ያለውን ሰውም አትርሳ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስለ ፈርሎ ሳማርር አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔ ሰው ያልጫንኩበትን ቀን ማን ቆጥሮልኝ ያውቃል?» አለኝ። ለነገር አይደለም ያለው። እናንተ ቢሮ ስትቀሩ እኛም ባዶ መኪና ይዘን እንዞራለን ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ቅሬታ ሲያሰማ ሌላው ሰው ለምን እንደማያዝንለት ይገባኛል። ብዙ ሰው መሪዎች ደመወዝ ሲመልሱ «ገና ምኑ ተነካና!» የሚለው ለሠራተኛው አዝኖ ሳይሆን ስለ ራሱ ኑሮ እያሰበ ነው።

የመሪዎቹ ቼክ ቅነሳውን አስቆመው ወይ ብትለኝ፣ አላስቆመውም። በዚያው ኤፕሪል የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ፈርሎ ሲጀምሩ በረራ ዘገየ። ኮንግረስ በሳምንት ውስጥ፣ አባላቱ ለዕረፍት ከመበተናቸው በፊት፣ የእነሱን ፈርሎ የሚያስቀር ሕግ አሳለፈ። እኛ ግን በቀናችን ቀጠልን። የፔንታጎን ሲቪል ሠራተኞች 11 ቀን ተብለው ጁላይ ላይ ጀመሩ፣ ኦገስት ላይ ወደ 6 ቀን ወረደላቸው። እሱም የሆነው ገንዘብ ከሌላ ቦታ ተፈልጎ ነው።

2019 ደግሞ ባሰ። ሻትዳውኑ፣ ማለትም በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ የተዘጋበት ጊዜ፣ ከዲሴምበር 22፣ 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ድረስ 35 ቀን ቆየ። 800 ሺህ ያህል ሠራተኞች ደመወዝ ሳያገኙ ቀሩ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ሥራ እየገቡ። ፔንስልቬንያ ጎዳና ላይ ለሠራተኞች ነጻ ምግብ የሚሰጥ ወጥ ቤት ተከፍቶ ነበር። በብርድ ተሰልፌ በልቻለሁ፣ አላፍርም። የኮንግረስ አባላት ደመወዛቸው በሕግ አይቋረጥም፣ አንዳንዶቹ ግን አንቀበልም ወይም እንለግሳለን አሉ። ከዚህ ሁሉ እስካሁን የማስታውሰው ግን የያኔውን የንግድ ሚኒስትር ዊልበር ሮስን ነው። ባለጸጋ ናቸው። ጃንዋሪ 24 ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ሠራተኞች ምግብ ወደሚታደልበት ቦታ ለምን እንደሚሄዱ እንደማይገባቸው ተናገሩ፣ መበደር ይችላሉ አሉ። ያን ቀን እኛ ቤት ማንም እራት ላይ አልተነጋገረም። በማግስቱ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጎድለው ኒውዮርክ ላይ በረራ ተስተጓጎለ፣ ሻትዳውኑም የዚያኑ ዕለት አበቃ።

ለእኛ የቀረው ደመወዝ ተከፈለን። በኮንትራት ሕንፃዎቹን የሚያጸዱና የሚጠብቁ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ግን እንደኛ አልተከፈላቸውም። ከእነሱ መካከል ስንት አበሻ እንዳለ አንተም ታውቃለህ። የማንም ቼክ እነሱ ጋ አልደረሰም።

ስለዚህ ወደ አንተ ልመለስ። ተቀነስ ነው የምልህ። የሚነካህ ባይሆንም የሠራተኞችህን ያህል ቀን ተቀነስ። ስትቀነስ ግን በመቶኛ አታድርገው፣ በቀን አድርገው፣ እነሱ የሚቀሩበትን ያህል ቀን አንተም ቅር። ደንቡ የማይፈቅድልህ ከሆነ ገንዘቡን የት እንደምታደርገው ለማንም አትንገር። ኢሜይል አትጻፍ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተህ የትኛው ቀን እንደሚከብደው ጠይቅ። ማን ሕፃን እንዳለው፣ ማን ሁለተኛ ሥራ እንዳለው፣ የማን ኪራይ ስንት ቀን ላይ እንደሚከፈል የምታውቀው አንተ ነህ፣ የካውንቲው ኃላፊ አያውቅም። የጽዳት ሠራተኞቻችሁ በኮንትራት ከሆኑ የእነሱን ሰዓት ማን እንደሚቆርጥ ጠይቅላቸው። «ለታይታ ነው» የሚል አይጠፋም፣ ይበል። ሦስት አራት ወር አይቶ ራሱ ይፈርዳል።

ሠንጠረዡን ስትለጥፍ ስምህን መጀመሪያ ጻፍ። ረቡዕን ያዝ።