የመጀመሪያው ኤም5 ከየት መጣ? ለጠየቅኸው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የ1988 ሞዴል ነጭ ቢኤምደብሊው ኤም5 በደህና ዋጋ እንዳገኘህ ጽፈህ፣ ይህ ኤም5 የሚባለው ከመነሻው የተለየ መኪና ነው ወይስ የኤም5 ምልክት የተለጠፈበት ተራ 535 ነው ብለሃል። እዚህ ቨርጂኒያ የጀርመን መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ከመጀመሪያው ትውልድ ኤም5 ሦስቱ በእጄ አልፈዋል። ያገኘኸው መኪና ያሠጋኛል። ለምን እንደሆነ እንዲገባህ ግን ከአመጣጡ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቢኤምደብሊው በ1972 ሞተርስፖርት የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁምና ዮሐን ኔርፓሽን ከፎርድ አምጥቶ ሲሾምበት፣ ያሰበው ውድድርን ነበር። አራት በር ያለው የቤተሰብ መኪና በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጠጋ ብለው የሚጠይቁ ደንበኞች መጡ፤ 5 ሲሪስ በሚባለው ባለ አራት በር መካከለኛ መኪናቸው ላይ ትልቁን ሞተር፣ ጠንከር ያለ ፍሬንና አሞርዛተር እንዲገጠምላቸው ፈለጉ። ሞተርስፖርትም በትእዛዝ አንድ ሁለት እያለ ይሠራላቸው ጀመር። ፈላጊው ሲበዛ በ1980 ኤም535አይ በይፋ ለገበያ ወጣ፤ 3.5 ሊትር፣ 218 የፈረስ ጉልበት፣ በጠቅላላው 1,400 ገደማ መኪና። ጎበዝ መኪና ነው። ሞተሩ ግን ከትልልቆቹ ቢኤምደብሊዎች የተወሰደ ተራ ባለ 12 ቫልቭ (አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት በር) ሞተር ነበር፤ ስለዚህ እኔ ኤም5ን ከዚህ አልቆጥርም።

የኤም5 ትክክለኛ ታሪክ የሚጀምረው ካልተሳካ ሥራ ነው። ኔርፓሽ ለውድድር የሚሆን፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ኤም1 የተባለ መኪና አስቦ ነበር። የውድድሩ ደንብ 400 መኪና እንዲመረት ያስገድዳል። ቢኤምደብሊው እንዲህ ያለ መኪና ሠርቶ ስለማያውቅ ሥራውን ለጣሊያኑ መኪና ሠሪ ለላምቦርጊኒ ሰጠ፤ ላምቦርጊኒ ደግሞ በዚያው ሰሞን ገንዘብ አጥሮት ይንገዳገድ ነበር። ውሉ ፈረሰ። አካሉ ጣሊያን ውስጥ እየተሠራ፣ ሽቱትጋርት በሚገኘው ባወር በተባለ ድርጅት ዘንድ እየተገጣጠመ፣ ጊዜው እየነጎደ ሄደ። መኪናው ሲደርስ የታሰበለት ውድድር አመለጠው። አማራጭ ሲጠፋ ኤም1 ብቻ የሚሮጥበት ፕሮካር የተባለ ውድድር ተዘጋጀለት፤ በ1979 ኒኪ ላውዳ፣ በ1980 ኔልሰን ፒኬ አሸነፉበት። በ1981 ምርቱ ሲቆም የተሠራው 453 መኪና ብቻ ነበር። የሞተሩ ይዘት 3,453 ሲሲ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም ቁጥሮች ያልረሳሁት በዚህ ነው።

የተረፈው ትልቁ ነገር ሞተሩ ነው። ፖል ሮሸና ባልደረቦቹ የሠሩት፣ ኤም88 የሚባለው፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 24 ቫልቭ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገባውን አየር የሚቆጣጠር የራሱ በር። ይህን የመሰለ ሞተር 453 መኪና ላይ ብቻ ተገጥሞ ቢቀር በጣም ያሳዝን ነበር። ሜካኒካዊው የነዳጅ አቅርቦት በቦሽ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተተካና ጉልበቱ ከ277 ወደ 286 ከፍ አለ። መጀመሪያ ባለ ሁለት በሩ ኤም635ሲኤስአይ ውስጥ ገባ። ከዚያ በየካቲት 1985 አምስተርዳም በተደረገው የመኪና ትርኢት፣ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው 5 ሲሪስ እምብዛም በማይለይ አራት በር ውስጥ ሆኖ ቀረበ፤ ኤም5 ተባለ። በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሙኒክ ውስጥ፣ ኋላም ጋርሺንግ፣ በእጅ ነበር የሚገጣጠመው፤ ድምሩም 2,200 ገደማ ነው። ከነዚህ ውስጥ ከሺህ በላይ ወደ አሜሪካ መጥተዋል። አስቀድሞ ለአሜሪካ 500 ብቻ ይመጣል ተብሎ ስለነበር የተቆጡ ገዢዎች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል።

አሁን ወደ አንተ መኪና። ለአሜሪካ የመጣው ኤም5 ከጭስ ማጣሪያው ጋር ጉልበቱ 256 ሆኗል፤ ቀለሙም ጥቁር ብቻ ነበር። ነጭ ከሆነ ወይ ኋላ ላይ ከአውሮፓ የገባ ነው፤ እንዲያ ከሆነ የፍጥነት መለኪያው ኪሎ ሜትር ያነብባል። ወይ ቀለሙ ተቀይሯል። ወይ ደግሞ፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ 535አይኤስ ነው። እሱም እዚሁ አሜሪካ የተሸጠ፣ ከፊትና ከኋላ ስፖይለር (ነፋስ የሚመራ ክንፍ) ያለው፣ መቀመጫውም የስፖርት የሆነ፣ ጉልበቱ ግን 182 ብቻ የሆነ መኪና ነው። ምልክቱን ገዝቶ መለጠፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ኮፈኑን ክፈት። ስድስቱ የአየር ቱቦዎች የሚገቡበት ትልቅ የአሉሚኒየም ሣጥን ላይ "ኤም ፓወር" የሚል ጽሑፍ ከብረቱ ጋር አብሮ ተቀርጾ መገኘት አለበት። ባትሪውን ሞተሩ አጠገብ ካገኘኸው ተመለስ፤ የኤም5 ባትሪ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው የሻንሲ ቁጥሩም በደብሊው ቢ ኤስ ይጀምራል፤ ተራው በደብሊው ቢ ኤ።

እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቫልቮቹ መቼ እንደተስተካከሉ ጠይቅ። ክፍተታቸው የሚስተካከለው ሳንቲም በምታህል ስስ የብረት ክብ ነው፤ 24ቱንም አንድ በአንድ ለክተህ፣ የማይሆነውን አውጥተህ በሌላ ውፍረት ትተካለህ። የመጀመሪያውን ስሠራ አንዷ ከማግኔቱ ጫፍ አምልጣ በሰንሰለቱ በኩል ወደ ታች ገባች። ድምፅዋን ሰማሁት፤ ከዚያ ዝም አለ። ባለቤቱ አጠገቤ ቡና ይዞ ተቀምጧል። በክር ያሰርሁትን ማግኔት እያወረድሁ ስጎትት ከሰዓቱ አለቀ፤ በመጨረሻ የሰንሰለቱ መሪ ላስቲክ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ሳልወትፍ ክዳኑን ከፍቼ ሥራ አልጀምርም። ጊዜ ስለሚፈጅ ዋጋው ውድ ነው፤ ብዙ ባለቤቶችም ይዘሉታል። የተሠራበትን ደረሰኝ ካላሳየህ እንዳልተሠራ ቁጠረውና ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ልታየው ስትሄድ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ለሻጩ ንገረው። የባትሪውን ቦታ፣ የአሉሚኒየሙን ሣጥንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ላክልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።