ቀስ ብለው ሲረግጡት ይበራል ወይ?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ከእናንተ ውስጥ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያውን የምትለማመዱ አላችሁ፤ ከአባት የቀረች ቮልስ ግቢ ውስጥ አቁማችሁ ለማስነሳት የምትታገሉም አላችሁ። ለሁላችሁም ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ልጽፍላችሁ ፈልጌያለሁ፤ ስለ ፍሬን መብራት ስዊች።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ መምህር ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። «የፍሬን መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» አሉኝ። ጓደኛዬን ከኋላ አቁሜ ፔዳሉን ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩት። «በርቷል!» አለ። «ጋሼ፣ ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም» ብዬ ሸኘኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ታክሲ ከኋላ ገጫቸው። ሰው አልተጎዳም፤ ፓራውልቱ ተጨራመተ፣ የሞተሩ ክዳንም ወደ ውስጥ ገባ። መኪናውን መልሰው ሲያመጡልኝ አልተቆጡኝም። «እኔ እኮ እንደዚያ ጠንክሬ አልረግጥም፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ነገሩ የገባኝ ስዊቹን ከፈታሁት በኋላ ነው። በቮልስ ላይ ይህ ስዊች የፍሬን ማስተሩ ላይ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ዕቃ ላይ፣ ተጠምዝዞ የገባ ነው፤ የሚሠራውም በዘይቱ ግፊት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ስዊቹ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ይገፋታል፣ እሷ ደግሞ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ትዘጋለች። ስዊቹ ሲያረጅ መገናኛው ይቃጠላል፣ ይጠቁራል፤ ያኔ ለማብራት የሚፈልገው ግፊት እየጨመረ ይሄዳል። በድንጋጤ ለሚረግጥ ሰው ይበራል፤ እንደ መምህሩ ፍሬን ቀስ ብሎ ለሚይዝ ግን ከኋላ ጨለማ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው «አንዳንዴ» ሲላችሁ፣ እንዴት እንደሚነዳ ጠይቁት፤ ፔዳሉንም እሱ በሚረግጠው ልክ ርገጡት።

የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ላይ ችግሩ ይብሳል። በ12 ቮልት ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች በስዊቹ የሚያሳልፉት 3.5 አምፔር ነው። በ6 ቮልት ሁለት ባለ 18 ዋት አምፖሎች ግን 6 አምፔር ይስባሉ። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ያች ትንሽ መገናኛ ናት። ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ብዙውን የሚያሳልፍ ሌላ ስዊች፣ ብትጨምሩላት ሸክሙን ይወስድላትና ዕድሜዋ ይረዝማል፤ እኔ ለብዙዎች አስገብቻለሁ፣ አልተጸጸትኩም።

ግን ሶማሌ ተራ ሮጣችሁ ስዊች ከመግዛታችሁ በፊት፣ ጥፋቱ እውነት የእሱ መሆኑን እዩ። ስንት ወጣት ደህና ዕቃ ፈትቶ ሲጥል አይቻለሁ! የመኪናውን ቁልፍ ክፈቱ፤ ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ፔዳሉን እየረገጣችሁ ከኋላ ሰው ይይላችሁ። አንዱ መብራት በርቶ ሌላው ከጠፋ ስዊቹን ተዉት፤ አምፖሉንና መቀመጫውን ፈትሹ። ፍሬን ሲያዝ ሌሎቹ የኋላ መብራቶች አብረው የሚፈዙ ወይም ያላግባብ የሚበሩ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጓል ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ይህን ሥራ የሚንቅ ልጅ አልወድም፤ ከስዊቹ ይልቅ ዝገት ነው ብዙ ቀን ያደከመኝ።

ሁለቱም ከጠፉ ወደ ፊውዙ ሂዱ። የቮልስ ፊውዝ በሁለት ስስ መያዣዎች መካከል የሚቀመጥ ባለ ሾጣጣ ጫፍ ነው። ሳይቃጠልም ጫፉ ዝጎ ኤሌክትሪክ ይከለክላል፤ በጣት ሽክርክር ስታደርጉት መብራቱ አንዳንዴ ወዲያው ይመጣል። ያኔ መያዣውን አጽዱና ፊውዙን በአዲስ ተኩት። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፊቱን ግራ ጎማ አውልቁ። መኪናውን በክሪክ ብቻ ትታችሁ እጃችሁን እንዳታስገቡ፣ አደራ፤ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉበት። ማስተሩን ታዩታላችሁ። ከስዊቹ ሁለቱን ሽቦዎች ንቀሉና ጫፍ ለጫፍ አነካኩ። መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልበራ፣ በቴስተር አንደኛው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን እዩ፤ ደርሶ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄደውን ሽቦ፣ ካልደረሰ ከፊውዙ የሚመጣውን ተከተሉ። ኋላ የመጡት ባለ ሁለት መስመር ማስተር ያላቸው ቮልሶች ሁለት ስዊች ስላላቸው እያንዳንዱን ለየብቻ ሞክሩ።

ሽቦው የሚሰካበት ቦታ ዘይት ካረጠበው ግን ሌላ ሙከራ አያስፈልግም። ሽፋኗ ተቀድዳለች፤ ጉዳዩም ከመብራት አልፎ የፍሬን ጉዳይ ሆኗል። ያች መኪና ከግቢ አትውጣ።

ላዳ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ስዊቹ ፔዳሉ ጋ ነው፣ ፔዳሉ ሲነሳ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ አለችው። ብዙ ጊዜ ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል።

የቮልሱን ስትቀይሩ አዲሱን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው አሮጌውን የምትፈቱት፤ ዘይቱ እንዳይፈስ፣ አየርም እንዳይገባ ቶሎ ተኩት። የስዊቹ ጥርስ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ሲጠብቅ በራሱ ይይዛል፤ ከልክ በላይ አታጥብቁት። ቀለም ላይ የነካ የፍሬን ዘይት ካለ በውኃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ከዚያ ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን በአራቱም ጎማ ፍሬን በኩል ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር አውጡ።

ለመምህሩ አዲሱን ስዊች ያስገባሁት በራሴ ወጪ ነው። አመሻሽ ላይ መኪናውን ወደ ጋራዡ ግድግዳ ጀርባውን አዙሬ አቆምኩና እሳቸውን መሪው ላይ አስቀመጥኳቸው። «ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ ይርገጡት» አልኳቸው። ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ግድግዳው ቀላ።