«ኮም ቢነ» ቀላሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርሽ

እህቴ፣ የባልሽ እናትና አባት በመጪው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤትሽ ቡና ሊጠጡ ነው፤ ሆላንድ ከገባሽ ገና ስድስት ወርሽ ስለሆነ «እንግዳ መቀበያ የሚሆኑ የደች አባባሎች ጻፉልኝ» ብለሻል። እኔ ሮተርዳም 11 ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንግዳ ሳስተናግድ ያልተሳሳትኩት ስሕተት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በር ላይ ያለውን ቶሎ እንለፈው። «ኮም ቢነ» ግቡ ማለት ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ን» አለው፣ በሰው አፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ካፖርታቸውን ለመቀበል «ኼፍ የ ያስ ማር»፣ ለማስቀመጥ «ኻ ዚተ»። ደስ ብሎኛል ለማለት «ፈይን ዳት ዩሊ ኤር ዘይን»፣ ማለትም «እንኳን መጣችሁ» የሚል ዓይነት ነው። «የ» ልክ እንደኛው «የ» ስለሆነች አታስቸግርሽም። የሚያስቸግረው «ኸ» ነው፤ ከጉሮሮ ተፍቆ ነው የሚወጣው። ትግርኛ የሚናገር ጓደኛ ካለሽ እሱ ጋ ሂጂ። ለእኔ አስተማሪዬ ሦስት ወር ለፍታ ያልሆነላትን አንዲት የአስመራ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰችው።

አማቾችሽን በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት «ቪልት ኡ ኮፊ?» ብለሽ ጠይቂ። «ኡ» የነሱ «እርስዎ» ነው፤ ከንፈርሽን ለፉጨት እንደምታሾዪ አድርገሽ «ኢ» በዪ፣ ይወጣልሻል። ምናልባት ወዲያው «ዜኽ ማር የ» ይሉሻል። «አንቺ በይኝ፣ አንተ በለኝ» ማለት ነው። እኛ ብንሆን «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ብለን እንከራከር ነበር። አንቺ አትከራከሪ፣ ያሉሽን ተቀበዪ፤ እዚህ ያ መቅረብ እንጂ መናቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። እነሱ የሚጠይቁት አንዴ ነው፤ «አይ» ካልሽ አይ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ የጎረቤቴን አሮጊት ቡና ጠራኋት። አምባሻውን አቀረብኩ፣ ቁራሽ በላችና «ኔ፣ ዳንክ የ» አለች። እኔ እቴ መች ሰማሁ! ደግሜ ጠየቅኩ፣ ሠልሼ ጠየቅኩ፣ በመጨረሻ «በሞቴ» የሚለው ከአፌ ላይ መጣና ቃል በቃል ወደ ደች መለስኩት፦ «በይ መይን ዶት!» ሲኒዋን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ቤን የ ዚክ?» አለችኝ። ታመሻል ወይ ማለቷ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ እንደሆነ ሁሉ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ያንን እያነሳች ትስቃለች።

በተራዬ እሷ ቤት ሄድኩ። ቡና መጣ፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ተከፍቶ ቀረበልኝ። በይሉኝታ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ሁለተኛ እንደምትለምነኝ እርግጠኛ ሆኜ። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፣ ቆርቆሮው ቁምሳጥን ገባ። ስስት እንዳይመስልሽ፤ ቃሌን አክብራ ነው። ስለዚህ አንቺም ከፈለግሽ በመጀመሪያው ጥያቄ «ያ፣ ኽራኽ» በዪ፤ አዎ፣ ደስ ይለኛል ነው።

ሳትለምኚ መቅረት እጅግ ከከበደሽ (ይከብዳል፣ አውቃለሁ) «ኔም ኸሩስት» የምትባል አለችልሽ። «ሳትሳቀቁ አንሱ» እንደማለት ናት። አንዴ ብቻ በዪያትና ሳህኑን መሐል ላይ ትተሽ ሌላ ወሬ ጀምሪ። ቡናውን በተመለከተ ደግሞ የእኔ ዘዴ ይሄ ነው፦ ገና ጀበናው ሳይቀርብ «በይ ኦንስ ድሪንክ የ ድሪ ኮፕየስ» እላለሁ፣ እኛ ጋ ሦስት ሲኒ ነው የሚጠጣው ብዬ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትንም አስቆጥራቸዋለሁ። ሆላንዶች ፕሮግራሙን ቀድመው ካወቁ ችግር የለባቸውም፤ ሦስቱንም ጥጥት አድርገው ነው የሚሄዱት። ሳትናገሪ ብትቀጂ ግን በሁለተኛው ላይ «ኔ፣ ዳንክ የ» ይመጣና በረካሽ ሳይቀመስ ይቀራል።

ቡናውን ስትቆዪ መስኮት ክፈቺ። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በየቤቱ፣ በየፎቁ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ የእኔው አንድ ጊዜ ልክ ጭሱን ወደ እንግዶቹ ሳዞር ጮኸ።

ወደ እንግሊዝኛ ቢቀይሩብሽ አትዘኚ፣ የሚረዱሽ መስሏቸው ነው። «ኢክ ቪል ኽራኽ ኔደርላንትስ ኡፈነ» በያቸው፣ ደች መለማመድ እፈልጋለሁ ነው። ከተማሽ ውስጥ ያለውን ቤተ መጻሕፍትም «ታልካፌ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ጋ ቡና እየጠጡ የሚወራበት የቋንቋ ሰዓት አለ። እኔ አፌ የተፈታው ከትምህርት ክፍል ይልቅ እዚያ ነው።

መሰነባበቻው ላይ አማትሽ ድንገት ጭናቸውን ጠፍ አድርገው «ዞ!» ካሉ ተቀይመው እንዳይመስልሽ። «በሉ እንግዲህ እንሂድ» ማለት ነው። «ኧረ ተቀመጡ፣ ገና ምን ተበላና» አትበያቸው፤ አብዛኛው ሰው እራቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚበላ የከሰዓት ቡና ሲጠሩ እራት አይጠብቁም። እንጀራ ልታበዪያቸው ካሰብሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። በር ድረስ ሸኝተሽ «ቬል ተውስ» በዪ፣ በሰላም ግቡ ነው።

አንድ የቀረኝ። የእሑዱን ሰዓት በደች ነው የነገርሻቸው? «ሃልፍ ፊር» ማለት አራት ተኩል አይደለም፤ አራት ሊሆን ግማሽ ሲቀረው ነው፣ በነሱ 3:30፣ በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ተኩል። እኔ አራት ተኩል ያልኩ መስሎኝ እንግዶቼ አንድ ሰዓት ቀድመው በሩን ሲያንኳኩ ፀጉሬ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር፣ ቡናው እንኳ አልታጠበም። እስቲ የላክሽላቸውን መልእክት አሁኑኑ ክፈቺና ምን ብለሽ እንደጻፍሽ እዚሁ ንገሪን።