ስለ አስቤዛ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «አስቤዛ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደመወዝ አራት ልጆች አሳድገናል። ያን ሁሉ ዓመት የቤቱን ወጪ በደብተር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከደብተሩ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ገንዘባችንን የሚጨርሰው ጤፉ አይደለም፤ በየቀኑ ልጅ እየላክን ከሱቅ የምናስመጣው ትንንሽ ነገር ነው።

«ደመወዝ በገባ በአሥራ አምስት ቀኑ ያልቃል። የት እንደሚሄድ እንኳ አላውቅም። ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ወር ጻፊ። ምንም አትቀንሺ፣ ጻፊ ብቻ። እኔ መጻፍ ስጀምር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዘይት ገዝቼ አገኘሁት። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ትንሿ ፓኬት ሻይ ቅጠል፣ ለአንድ ወጥ የምትበቃ በርበሬ። እያንዳንዷ ትንሽ ናት። ወሩ ሲያልቅ ደምሬ ባለ አምስት ሊትሩ ዘይት በስንት እንደሚሸጥ ጠየቅኩና ደነገጥኩ። ዱቤ ካለብሽ ደግሞ ቀስ በቀስ ዝጊው። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም።

«ማኛ ነው የለመድነው። ልጆቹ ሌላ እንጀራ አይበሉልኝም። ጤፍ ላይ መቀነስ ይቻላል?»

ይቻላል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜውን ጠብቂ። ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። ክረምት ላይ ይወደዳል። ስለዚህ አቅም ካለሽ ሁለት ኩንታል በጥር ግዢ። ጤፍን እንደ ስንዴና እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም። ከርጥበት ከጠበቅሽው ይቀመጣል። ግን እህሉን ነው የምታስቀምጪው፣ ዱቄቱን አይደለም። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ እያወጣሽ አስፈጪ።

ሁለተኛ፣ ከማኛ ወደ ሰርገኛ ውረጂ። ቀለሙ ጠቆር ይላል እንጂ እንጀራው እንጀራ ነው። ልጆች የሚያዩት ቀለሙን ነው፣ ስለዚህ በአንድ ቀን አትለውጪባቸው። እኔ መጀመሪያ ለሃያ ኪሎ ጤፍ ሁለት ኪሎ ነጭ ማሽላ ጨመርኩ። ማንም አላወቀም። በሚቀጥለው አምስት ኪሎ አደረግኩት። ማሽላ የገባበት እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ ሲወጣ በደንብ መሸፈን አለበት። እኛ ስድስት ነን፣ ጠዋት ዳቦ ወይም ገንፎ እንበላለን፤ አንድ ኩንታል ሁለት ወር ገደማ ያቆየናል።

ስትገዢ ጭብጥ ጤፍ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እፍ በይበት፣ ገለባው ይበራል። ከዚያ ቆንጠር አድርገሽ አላምጪው። አሸዋ ካለበት ጥርስሽ ይነግርሻል። እህል በረንዳ ስሄድ ሳላላምጥ ከፍዬ አላውቅም፣ ነጋዴውም አይቀየመኝም።

«ባልና ሚስት ጡረተኞች ነን። መጋገር ይሻለናል ወይስ መግዛት?»

እናቴ፣ ለሁለት ሰው ብቻ ምጣድ ማጋል አያዋጣዎትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚበላው ገና ሲግል ነው። ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግረው በአንድ ማጋል ሁለታችሁም ብትጋግሩ ይሻላል። ጎረቤት ካልተመቸ ግን ይግዙ፣ አይጨነቁ። የተረፈውን እንዳይሻግት ቀድደው ፀሐይ ላይ ያስጡት። ድርቆሹ ለቁርስ ፍርፍር ይሆንዎታል።

«ሰፈራችን በጣም ርካሽ ሽሮ መጥቷል። ልግዛ?»

መጀመሪያ ለምን እንደረከሰ ጠይቂ። ጓያ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ለወራት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። እዚህ ላይ ብር አትቆጥቢ። ሽምብራ ወይም አተር ገዝተሽ፣ ቆልተሽ፣ ከክተሽ አስፈጪ። ድካም አለው፤ ግን ምን እንደምትበዪ ታውቂያለሽ። በርበሬም እንዲሁ፤ ዛላውን ገዝተሽ ራስሽ አዘጋጂው።

«ሥጋ ከገዛን ወራት አለፉ። ልጆቼ ይጎዱብኛል?»

ጥያቄሽን ሳነብ አንጀቴን በላኝ። እኔም በዚያ መንገድ አልፌያለሁ። ሥጋ ባይኖርም ልጅ ያድጋል፣ ነገር ግን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ከማዕድ አይጥፋ። ጥራጥሬና እንጀራ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ከቻልሽ በሳምንት ጥቂት ቀን እንቁላል ስጫቸው። የሚቀነሰው ብስኩቱና የታሸገው ጁስ ነው። ለዚያ የሚወጣውን ደምሪና በእንቁላል ለውጪው። ለምሳ ዕቃቸው ቆሎ፣ ሙዝ፣ የቤት ዳቦ ያዙ።

እንቁላልና ቅቤ የሚረክሱት ጾም ሲገባ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፈላጊው ይቀንሳል። እኔ የዓመቱን ቅቤ በዚያን ጊዜ ገዝቼ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አነጥረዋለሁ። ተነጥሮ በንጹሕ ዕቃ ከተከደነ ለወራት ይቆያል። የበዓል ሳምንት ላይ አትግዢ። ሥጋ ካማራችሁ ደግሞ ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ ግቡ። ከሥጋ ቤት በኪሎ ከመግዛት ይሻላል፣ አጥንቱም ለሾርባ ይተርፋችኋል።

«ሽንኩርት ሲወደድ ምን ይበላል?»

ወንድሜ፣ ሽንኩርት የማይፈልግ ምግብ ሞልቷል። የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ ስልጆ። እናቶቻችን ያውቁበት ነበር። ለቀረው የእሁድ ገበያ ሂድ። ወይም ከአራት አምስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በጆንያ ግዙና ተካፈሉ። ሽንኩርቱን ፌስታል ውስጥ አታስቀምጠው፣ ይበሰብሳል። አየር በሚያገኝበት ቦታ ዘርጋው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። እንጀራ ብቻ ስንት ያስወጣናል መሰለሽ!»

ጤፍ እዚያው አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ይመረታል። ዱቄቱን በትልቁ ከረጢት ገዝታችሁ ከገብስ ወይም ከሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ጋር እየቀላቀላችሁ ራሳችሁ ጋግሩ። ምስርና ክክ ከሕንዶች ሱቅ በትልቁ ግዙ። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ በርበሬና ሽሮ ብቻ አስልኩ።

«ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው። ገንዘብ የሚገባው በቀን በቀን ነው። በጅምላ ግዙ ትላላችሁ፣ በምን?»

የአንቺን ጥያቄ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። ልክ ነሽ። በጅምላ መግዛት ለባለደመወዝ ነው የሚቀለው። በቀን ለሚያገኝ ሰው መንገዱ ዕቁብ ነው። ግን የገንዘብ ዕቁብ አይሁን፣ እጅሽ ሲገባ ለሌላ ነገር ይሄዳል። የጤፍ ዕቁብ አድርጉት። እኛ ሰፈር አምስት ሴቶች እንዲህ ጀመሩ። በየቀኑ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣሉ፣ ብሩን አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች። የኩንታል ዋጋ ሲሞላ ሁለቱ አብረው ሄደው ይገዛሉ። ከዚያ አንዷ ግቢ ውስጥ ሸራ አንጥፈው፣ ሚዛን ተውሰው፣ ሃያ ሃያ ኪሎ ይካፈላሉ። ሸራው ላይ የቀረችውን ፍሬ እንኳ ጠርገው ለአምስት ያካፍሏታል። ጤፉ ሲለመድ ዘይት ጨመሩ፣ አሁን በርበሬም አለበት። አራት የምታምኛቸው ሴቶች ካሉሽ ዛሬ ማታ አነጋግሪያቸው። የመጀመሪያው ዙር ሊዘገይ ይችላል። እስከዚያ ከሱቅ መግዛትሽ አይቀርም፣ ቢሆንም በየቀኑ ሩብ ሩብ ከምትገዢ በሁለት ቀን አንዴ ግማሽ ኪሎ ግዢ።