ዛሬ የተሰጠ ፈቃድ፣ ነገ የሚጠየቅ ፈቃድ

ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ለምትማሩ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ደሴ ነበርኩ። ጦሳ ጉም ለብሶ ከቤት መውጣት የሚከብድበት ሰሞን ነው። አቦሉ ገና ሳይቀዳ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ኤምፕሮቴክት ለምንድነው እምቢ የሚለኝ?» አለኝ። ኤምፕሮቴክት የተዘረጋ ሜሞሪን ፈቃድ ለመቀየር የሚጠራ የሊኑክስ ትእዛዝ ነው።

ፋይሉን ለማንበብ ብቻ ከፍቶታል። ፋይልን ሜሞሪ ላይ በሚዘረጋው በኤምማፕ የጋራ አድርጎ (የሚጻፈው ዋናው ፋይል ላይ እንዲያርፍ) ዘርግቶታል። ቆይቶ ደግሞ የመጻፍ ፈቃድ ጠየቀ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ከለከለው። ልጁ የከርነሉ ስህተት መስሎታል። እኔ ግን ጥያቄውን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። ይህን ክልከላ በደንብ ባለመረዳቴ ድሮ ክፉኛ ተሳስቻለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ሜሞሪ ሲዘረጋ ሊኑክስ ለዚያ ክልል ቪኤምኤ የሚባል መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ ላይ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ የሚሉ ምልክቶች አሉ። እነዚህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጎናቸው ግን ብዙ ሰው የማያያቸው ሌሎች አሉ፤ ሜይሪድ፣ ሜይራይት፣ ሜይኤክሴክ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ የተፈቀደውን ይናገራሉ። «ሜይ» ያለባቸው ደግሞ ወደፊት ቢጠየቅ ሊፈቀድ የሚችለውን። ኤምፕሮቴክት አዲስ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚያየው እነዚህን ነው። የልጁ ፋይል ለማንበብ ብቻ ስለተከፈተ ከርነሉ ሜይራይትን ገና ከመነሻው አንስቶ ሰርዞታል።

እናቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሁለት ክፍል ታከራይ ነበር። ተከራይ ሲመጣ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት «ጓሮው የኔ ነው። አሁንም አልሰጥም፣ ወደፊትም እንዳትጠይቀኝ» ትል ነበር። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሜይራይትን እያነሳች ነበር።

የኔን ስህተት ልንገራችሁ። ለአንድ የመለኪያ መሣሪያ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ ኮድ፣ ጻፍኩ። መሣሪያው የለካውን ከርነል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሞች ያንን ሜሞሪ ዘርግተው ያነባሉ። መጻፍ የለባቸውም። ስለዚህ የመጻፍ ፈቃድ ይዞ የሚመጣውን ኤምማፕ ድራይቨሬ ይመልሰዋል። ሞከርኩት፣ ተመለሰ። ሥራው አለቀ ብዬ ዘጋሁት። ከወራት በኋላ አብራን የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም አሳየችኝ። መጀመሪያ ለማንበብ ብቻ ትዘረጋለች። ከዚያ ኤምፕሮቴክትን ጠርታ መጻፍ ትጠይቃለች። እሺ ይላል! ትእዛዝ ለመላክ ሲባል መሣሪያው ለንባብም ለጽሑፍም ይከፈት ስለነበር፣ ከርነሉ ሜይራይትን የሚያነሳበት ምክንያት አልነበረውም። ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በሩን ዘግቼ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼዋለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥገናው አንዲት መስመር ናት። የድራይቨሩ ኤምማፕ ሥራውን ጨርሶ ከመመለሱ በፊት ሜይራይትን ማንሳት። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊኑክስ 6.3 ወዲህ ምልክቶቹን በእጅ አትነካኩ፤ ለዚሁ የተሠሩትን ፋንክሽኖች ጥሩ። ደግሞ ድራይቨራችሁን ስትፈትሹ ኤምማፕን ብቻ አትሞክሩ። ኤምማፕ ቀጥሎም ኤምፕሮቴክት ሞክሩ። ይቺን ነገር ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ፈቃድ መንሳትም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮሰሰሩ የአድራሻ ትርጉሙን ከነፈቃዱ ቲኤልቢ በሚባል ፈጣን ማስታወሻው ውስጥ ይዞ ይቆያል። ይህ ትርጉም የተጻፈበትን የገጹን ሠንጠረዥ ብትቀይሩም፣ ሌላው የፕሮሰሰሩ ኮር የድሮውን ይዞ መጻፉን ሊቀጥል ይችላል። ኤምፕሮቴክት ይህን ራሱ ያጸዳል። ሠንጠረዡን በራሳችሁ ኮድ ከነካችሁ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ቶናው ሲቀዳ ልጁ ኮዱን አስተካክሎ ነበር። ፋይሉን ለንባብም ለጽሑፍም ከፈተው፤ አለፈለት። ዝም ይላል ስል «የጋራ ሳይሆን የግል አድርጌ ብዘረጋውስ?» አለኝ። ሀቂቃ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

የግል ከሆነ፣ ፋይሉ ለማንበብ ብቻ ቢከፈትም መጻፍ ይፈቀዳል። ምክንያቱም ስትጽፉበት ከርነሉ የገጹን ቅጂ ለብቻችሁ ይሰጣችኋል፤ ዋናው ፋይል አይነካም። አይነካም የሚባለው ግን ከርነሉ ተራውን ሲጠብቅ ነው። ደርቲ ካው የተባለው ቀዳዳ እዚህ ላይ ነበር። አንድ ትሬድ (የፕሮግራሙ አንዱ የሥራ ክር) ሊጽፍ ይሞክራል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ማድቫይዝ በሚባል ትእዛዝ ቅጂውን ያስጥላል። ጽሑፉ ዋናው ፋይል ላይ ያርፋል። ተራ ተጠቃሚ «ሩት» የሚባለውን የሲስተሙን የበላይ ተጠቃሚ ፋይል ለመቀየር በቃ! ቀዳዳው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ኖሮ በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ተደፈነ። የደፈነው ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ችግሩን ከ11 ዓመት በፊት ሊያስተካክል ሞክሮ እንደነበርና ያም በኋላ እንደተሻረ እዚያው ማስተካከያው ላይ ጽፎታል። ስለዚህ እናንተም ስትሳሳቱ አብሽሩ። እንደሱ በግልጽ ጻፉት።

በረካው ሳይደርስ ልጁ ተነሳ። የከርነሉን ኮድ አውርዶ ኤምኤም የሚለው ፎልደር ውስጥ የኤምፕሮቴክትን ፋይል ከፍቶልኝ ነበር። ማታ ሊያነበው ይዞት ሄደ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ላፕቶፑን ጋቢ ውስጥ ደብቆ ሲሮጥ በመስኮት አየሁት።