«ሰነፍ ውሻ ነው» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ትዕግሥቴ አልቋል።

አምና ጊቢያችን ሌባ ገባ። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «ብቻችሁን አልተዋችሁም» ብሎ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ገዝቶ አመጣልን። መከታ አልነው። አሁን 10 ወሩ ነው።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክ ያዘኛል። የአጥንት ዱቄት ጨምሪለት፣ ወተት አትቁረጪበት፣ ቶሎ ይተልቅ። ልጅሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከብስክሌት ኋላ ያስሩጠው። የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግኩ። ውሻው ግን ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት መነሳት አቃተው። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ ያነሳል። ሲራመድ ዳሌው ይወዛወዛል። ደረጃ ሥር ደርሶ ይቆማል። ለወንድሜ ስነግረው «አቅብጠሽ ያሰነፍሽው አንቺ ነሽ» ይለኛል፣ ዘመድ ፊት ሳይቀር። እሱ አዞ፣ እኔ ታዝዤ፣ ጥፋተኛዋ እኔ! ጎረቤቱም «ይሄ ምን ሊጠብቅ ነው» እያለ ይስቃል። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየውም።

እኔ ዝም ብዬ አላየሁትም። ብርዱ ሲጠና ያቃስታል። ያኔ የእናቴን የወገብ ክኒን፣ ዲክሎፌናኩን፣ ግማሹን በእንጀራ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ትንሽ ይሻለዋል። ሰሞኑን ምግብ ቀንሷል። ሰገራውም ጠቁሯል፤ እሱ እንኳ ከሥጋ ቤት የማመጣለት ትርፍራፊ ይሆናል።

ወንድሜ ለገና ሲመጣ ከዚያችው እናት ሌላ ቡችላ ሊያመጣ ነው። «ያንን የመግደያ መርፌ አስወጊውና ቦታ አዘጋጂ» አለኝ። ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ አያናግረኝም። እትዬ፣ ላስወጋው?

የመከታ አሳዳጊ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ያ ክኒን። ከአሁን ጀምሮ አንድም ፍሬ እንዳትሰጪው።

ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና አንጀት ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። በፓራሲታሞል ልተካው እንዳትዪ፤ እሱም ጉበቱንና ደሙን ያበላሻል። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው ጥቁር ሰገራ ነው። ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲወጣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ይሆናል። ደም ያለበት ሥጋ የበላ ውሻም ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ክኒን እየዋጠ፣ ምግብ እየቀነሰ፣ በሥጋ ቤቱ ማሳበብ አልነበረብሽም። ልታስታምሚው ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ቢሆንም እቆጣሻለሁ።

ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። ካስመለሰው፣ ድዱ ከነጣ ወይም መቆም ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጊ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፤ ምን ያህልና ለስንት ጊዜ እንደሰጠሽው አትደብቂ። ሐኪሙ ሳያውቅ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ የሕመም መርፌ ቢጨምርበት ቁስሉ ይብሳል።

አሁን ወደ እግሩ። መከታ ሰነፍ አይደለም። ያመዋል። የነገርሽኝ ምልክት የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይመስላል። የጭኑ አጥንት ራስ ዳሌው ውስጥ በደንብ አልገጠመም፤ ይላላል፣ ይፋተጋል፣ እየዋለ እያደረም መገጣጠሚያውን ይበላዋል። በጀርመን ሸፐርድ፣ በላብራዶርና በሮትዋይለር ላይ ብዙ ይታያል። ከዘር ይመጣል፣ አስተዳደግ ያብሰዋል። ግን በደብዳቤ አይለይም። በዚህ ዕድሜ ትልልቅ ውሾችን አንድ ሰሞን በአንዱ እግር፣ ሌላ ሰሞን በሌላው የሚያስነክስ፣ ኋላም በራሱ የሚተው የአጥንት ሕመም አለ። የሚለየው ምርመራና ኤክስሬይ ነው። ቅርብሽ ካላገኘሽ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ከመንገድሽ በፊት ደውለሽ ኤክስሬይ መኖሩን ጠይቂ።

የአጥንት ዱቄቱን አቁሚ። ትልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ሲበዛበት አጥንቱ ተዛብቶ ያድጋል። «ቶሎ ይተልቅ» መባሉ ራሱ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ቀስ ብሎ፣ ቀጠን ብሎ ማደግ አለበት። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሩብ ያህል ቀንሰው የበሉት ከአብሮ አደጎቻቸው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በልጠው ኖሩ። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ያዛቸው። ጨጓራው ሲያገግም ጎኑን ዳብሺው። የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ካልተዳሰሰሽ ወፍሯል፣ ምግቡን ቀንሺ።

ብስክሌቱ ይቅር። የትልቅ ውሻ አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጨርሶ ማሰርም አይበጅም፤ ዳሌውን የሚደግፈው ጡንቻ ይከሳል። በገመድ ተይዞ፣ በአፈር ወይም በሣር ላይ፣ አጭርና ቀስ ያለ ጉዞ ይበቃዋል። ይህን ለልጅሽ ስጪው። እሱም ያናግርሻል።

ከተማሽ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንኳን ለታመመ ለጤነኛም አይቻልም። ሲሚንቶ ላይ እንዳታስተኚው። ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ አድርጊለት፣ ገለባ ወፈር አድርገሽ ጎዝጉዢ፣ ያረጀ የመንዝ ባና ካለሽ ከላይ ደልድዪበት።

ላስወጋው ላልሽው፣ አይሆንም። ገና ማንም አልመረመረውም! ዳሌው የላላ ብዙ ውሻ ክብደቱ ተይዞ፣ ለውሻ የተሠራ የሕመም መድኃኒት በሐኪም ታዞለት ለዓመታት ደህና ይኖራል። ማስወጋት የሚነሳው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ስቃዩ አልታገሥ ሲል ነው። ያኔም የምትወስኑት አንቺና ሐኪሙ ናችሁ። ደግሞ ሌባ የሚያባርረው ጩኸቱ ነው፤ ጩኸቱ አልታመመም።

ወንድምሽ ለእናንተ አስቦ ነው ያመጣው። አንቺን ዘመድ ፊት ማዋረዱ ግን ነውር ነው። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሕመሙ የዘር ከሆነ፣ ከዚያችው እናት የሚመጣው ቡችላም ያንኑ ዳሌ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የእናትና የአባቱ ዳሌ በኤክስሬይ ሳይታይ ከዚያ ቤት ሌላ ቡችላ እንዳይገዛ። ለአዲሱ ቡችላ ያዘጋጀውን ገንዘብ ለመከታ ኤክስሬይ ይላክልሽ።